ሳይላክ የቀረ እርማት

እንጅባራ ኮምፒውተር ሳይንስ በማስተምርበት የትምህርት ክፍል አንዲት ጠባብ ቢሮ ከባልደረባዬ ጋር እንጋራ ነበር። የዳንግላ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ። የዝናብ መጠን የሚመዘግብ መሣሪያ ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር አገናኝተን ነበርና ገመዱ በተነቀለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል።

ብዙ ፈልገን ጥፋቱን ከከርነሉ፣ ከስርዓተ ክወናው አስኳል ውስጥ አገኘነው። ከርነሉ አንድን መሣሪያ ስንት የፕሮግራም ክፍል እንደያዘው ይቆጥራል። የያዘ ሁሉ ሥራውን ሲጨርስ መልቀቅ አለበት፤ የመጨረሻው ሲለቅ የመሣሪያው መረጃ ከማህደረ ትውስታ ይጠፋል። እዚህ ግን አንዱ ክፍል መሣሪያውን ከለቀቀ በኋላ መልሶ ይነካዋል።

«መልቀቂያዋን የኮድ መስመር ወደ ታች አወረድኳት፤ አሁን ነክቶ ሲጨርስ ነው የሚለቀው» አልኩት።

«ስህተት ሲፈጠር የሚወጣበት መንገድስ? በዚያ በኩል ጭራሽ አይለቅም እኮ።»

እውነቱን ነበር። እሱንም አስተካክሎ ገመዱን ነቀለ፤ ሰካ፤ ደግሞ ነቀለ። ኮምፒውተሩ መሥራቱን ቀጠለ። ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እርማቱን ከርነሉን ለሚንከባከቡት ሰዎች ልንልክ ወሰንን። ከተቀበሉት የላኪው ስም በኮዱ ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል፤ ለእናቱ ሳይቀር ነግሯቸው ነበር። መልእክቱን ጽፎ ሳይጨርስ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ዛሬ ነገ ስንል ወራት አለፉ። በአካባቢው በተነሣው ግጭት መንገዱም ይዘጋ ጀመር፤ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ተበተኑ። እናቱ ሲታመሙበት፣ መንገዱ በተከፈተ ቀን እሱም ወደ ዳንግላ ሄደ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ መጀመሪያ የፈለግሁት ያንን ኮድ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ አስተካክሎታል። እርማቱ ከእኛው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ የተቀመጠው ግን የማናውቀው ሰው ስም ነው።

ዳንግላ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። እናቱን ቀብሮ፣ ገበያው አጠገብ በተከራያት ሱቅ ሞባይል ይጠግናል። የአንዱን ስልክ መስታወት እየፈታ አዳመጠኝ።

«በትክክል ነው የሚለቀው?»

«አዎ። በሁለቱም በኩል።»

«ጥሩ ነው» አለ፤ ቀና አላለም። «ምሳ በላሽ?»

ሽሮ እየበላን ስለ እናቱ ሕመም አጫወተኝ። ቢሮ ያለው ወንበሩ ባዶ እንደሆነ፣ ቢመለስ ደስ እንደሚለኝ ነገርኩት።

«ኮድ ስከፍት ሰውነቴ ይዝላል» አለኝ።

ረዳቱ እንጅባራን በሌላ ስሟ «ቆሰበር፣ ቆሰበር» እያለ ወደሚጣራበት ሚኒባስ ሸኘኝ። እሱ እዚያው ቀረ። ለበዓል እንደዋወላለን፤ ጨዋታችን ግን እያጠረ ሄዷል።