በየቤቱ የሚያድሩ በጎች

የልማት ሠራተኛው አባቴን ሞዴል አርሶ አደር ያደረገው ሳያማክረው ነበር። ዕቅዱ ከቀበሌያችን አርባ በግ ያለው አንድ አርቢ ይፈልግ ስለነበር፣ ሰውየው እስክሪብቶውን አንስቶ የኛን አሥራ አንድ በጎች አርባ አደረጋቸው። በጎቻችን እንዲህ ፈጥነው ተዋልደው አያውቁም።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ክረምት ውሃው እስከ ደጃችን ይመጣል፤ በጋ ሲገባ ደግሞ ያው መሬት ተሰነጣጥቆ የበግ እግር ይውጣል። ከቤታችን በታች ያለው ጨፌ ብቻ ውሃው ዘግይቶ ስለሚለቀው እስከ ግንቦት ሣር አያጣም። በጎቻችን በጋውን የሚወጡት በዚያ ጨፌ ነበር። ሩዝ ከመጣ ወዲህ ግን በኛ አገር ሣር ያለበት መሬት ሥራ ፈት ተደርጎ መታየት ጀመረ፤ ቀበሌውም ጨፌውን ለሩዝ ሊያከፋፍለው አሰበ። ውሳኔው ከዞን የሚመጡ እንግዶች ሞዴሉን አርቢ ካዩ በኋላ ይሁን ተባለ። አርባ በግ ካዩ ጨፌው ይተርፋል፤ አሥራ አንድ ካዩ አለቀልን።

እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ወድቄ ቤት ገብቻለሁ፤ በጎቹን ከአባቴ ጋር የማረባው እኔ ነበርኩ። «ከጎረቤት እንዋስ» ያልኩትም እኔው ነኝ። አባቴ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። የልማት ሠራተኛው ግን እጄን ሊስመኝ ምንም አልቀረው። ጎረቤቱም ለሠርግ ድስትና ብርጭቆ እንደሚያውስ በጉን አዋሰን። አንዲት ባልቴት ብቻ ቄቧን ስትሰጠኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ እች በግ ከጠፋች ከናንተ ቤት አልወጣም!» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ባለሥልጣን በሰዓቱ ከመጣ ባለሥልጣንነቱ ምኑ ላይ ነው? ሁለት መኪኖች አቧራውን እያጨሱ ሲደርሱ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። ሁዳዴ ስለነበር ሙክታችን ከቢላዋ ተረፈ፤ እንግዶቹ ሽሮ በልተው ወደ ጨፌው ወረዱ። የቡድኑ መሪ፣ ካኪ ኮት የለበሱ ጎልማሳ፣ በጎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ልክ አርባ። የልማት ሠራተኛው ላቡን ጠረገ። ከዚያ መሪው ንግግር ጀመሩ። በበግ ፊት ስለ ግሎባላይዜሽን ሲነገር የሰማሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ንግግሩ ሳያልቅ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። እኔ ሁሉን አስቤ ነበር፤ ያላሰብኩት ሲመሽ በግ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ነው። ያውም በግ ሳረባ ያደግሁ ሴት! የባልቴቷ ቄብ ቀና ብላ አንዴ ጮኸችና ወደ ባልቴቷ ደጅ መንገድ ጀመረች። አምስቱ ወደ ቄሱ ቤት፣ ሰባቱ ወደ ማዶ፣ ሌሎቹም እየተከፋፈሉ በየአቅጣጫው ሄዱ። እፊታችን አሥራ አንድ ብቻ ቀሩ፤ እነሱም ወደኛ ጉረኖ ጉዞ ጀመሩ።

መሪው ንግግራቸውን አቋርጠው አባቴን፣ «ወዴት ነው የሚሄዱት አባት?» አሉት።

አባቴ ውሸት አይሆንለትም። አፉን ሲከፍት አይቼ ቀደምኩት።

«በየቤቱ ለየብቻ ነው የምናሳድራቸው ጌታዬ። በሽታ እንዳይጋቡ ብለን ነው።»

«ቀለባቸውስ?»

ከዋሹ አይቀር ብዬ ቀጠልኩ። «እዚያው ባደሩበት የሩዝ ገለባ ይበላሉ። ይሄ ሣርማ ለአመሉ ነው።»

ሰውየው ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው፣ «ጻፍ! ይሄ ተሞክሮ ተቀምሮ መስፋት አለበት!» አሉ። ጸሐፊው ጻፈ። የልማት ሠራተኛውም ጻፈ። አባቴ ብቻ መሬት መሬቱን እያየ ቆመ፤ እኔ በበኩሌ ጨፌውን ያዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፋሲካ እንዳለፈ ስብሰባ ተጠራና አባቴ ምስክር ወረቀትና የውሃ ማጠጫ ተሸለመ። ቀጥሎ ውሳኔው ተነበበ፤ ሞዴሉ አርሶ አደር በጎቻቸውን በየቤቱ በገለባ ስለሚያረቡ የግጦሽ መሬት አላስፈለጋቸውም፣ ጨፌው ለሩዝ ይሁን። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ስብሰባ ላይ እጅ ጌታውን አይጠይቅም። ለኛ ከጨፌው ድርሻ አልደረሰንም፤ ሞዴል ሌላውን ያበቃል እንጂ አይቀበልም ተባልን። ያው የልማት ሠራተኛ በጎችን ለየብቻ ስለማሳደር ሥልጠና ሲሰጥ ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። አንዴም ዓይኔን አላየኝም።

በሚቀጥለው በጋ በጎቻችን በገለባ ብቻ አልቆሙም። ጎናቸው ተቆጠረ። አባቴ መሞታቸውን ከማይ ብሎ ከጨፌው ለደረሳቸው ጎረቤቶች አንድም ሁለትም እያደረገ በርቢ ሰጣቸው፤ ግልገሉን እኩል ሊካፈሉ። ማሳ ያለው ገለባም የድንበር ሣርም አለው። ይኸው በጎቻችን በየቤቱ ለየብቻ ማደር ጀመሩ፤ ውሸቴ እውነት ሆነ። አፈርኩ፤ ለማን እንደምናገረውም አላውቅም ነበር።

አንዲት አሮጊት እናት በግ ብቻ ነገሩ አልገባትም። በመሸ ቁጥር መጥታ ባዶው ጉረኖ በር ላይ ትጮኻለች። አባቴም ይነሣና ወደ ሰው ቤት ይነዳታል። አንድ ምሽት ወገቡን ይዞ ሲነሣ አንጀቴ አልችል አለ።

«እኔ ልውሰዳት አባባ፣ እርስዎ ይረፉ» አልኩት።

«ተቀመጭ» አለኝ በጓን እየነዳ። «ለእሷም መንገድ ላይ አንድ ነገር ፈጥረሽ ትነግሪያታለሽ።»