መቀመጥ ያቃታቸው ሽማግሌዎች

ዛሬ ጠዋት ደባርቅ ጤና ጣቢያ ሄጄ ፀሐይ ያረፈችበትን አግዳሚ መርጬ ተቀመጥኩ። እናቶች በግራ፣ እናቶች በቀኝ። ሞገሴ ስቧቸው ይሆናል ብዬ ጢሜን ስደባብስ፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ መጥታ፣ "አባባ፣ የሚከተበው ሕፃን የት አለ?" አለችኝ።

"እኔው ነኝ፤ ገና ጥርስ አላወጣሁም" ብዬ ድዴን አሳየኋት።

ክንዴን ይዛ ወደ ደም ግፊት ክፍል ስትወስደኝ ስንዱ ትዝ አለችኝ።

ስንዱ ከጎንደር የመጣች ጤና ረዳት ነበረች። ሕክምና ለገጠሩም ይዳረስ በተባለበት ዘመን ከዳባት በላይ ላለችው መንደራችን ክሊኒክ ሠራን፤ ጭቃውን ከረገጡት አንዱ እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተመደበልን ሰው የክረምታችንን ጭቃ አይቶ ሸሸ። ስንዱ ግን ስንት አራስ ከሞት አፍ ስትመልስ አየን። እሷም እንዳትሄድብን አዛውንቶቹ ተጨንቀው መላ መቱ፦ እዚሁ ትዳር! ወንደላጤና ባለ በቅሎ እኔ ብቻ ነበርኩ። "ለመንደሩ ስል" አልኩ፤ ልቤ ግን ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ በሯ ደርሶ ነበር።

ወጉ እሺ እስኪባሉ አለመቀመጥ ነውና የተላኩት ሦስት ሽማግሌዎች በሯ ላይ ቆሙ።

"አባቶቼ፣ ተቀመጡ እንጂ።"

"አንቀመጥም ልጄ።"

ስንዱ በሽተኛ እንጂ አማች አልጠበቀችም። "ሦስታችሁም? ኪንታሮት ከሆነ አትፈሩ፣ መድኃኒት አለው።"

አጥር ሥር የተደበቅሁት እኔ ሳቄ አመለጠኝ።

ጉዳዩን ሲነግሯት ግን አልሳቀችም። "የቸገረኝ ባል አይደለም፣ መድኃኒት ነው። ወንዙ ሲሞላ ከደባርቅ ማን ያመጣልኛል? ባዶ ሣጥን ታቅፌ አራስ ሲሞት ከማይ ብሄድ ይሻለኛል።"

"እኔ አመጣለሁ!" ብዬ ከአጥሩ ሥር ወጣሁ።

"ሙሽራው ይኼ ነው?"

"ነበረ" አሉ አንደኛው ሽማግሌ። "አሁን እንግዲህ ጫኝ ሆኗል።"

ክረምቱን ሙሉ ተመላለስኩ። ከስሜን በሚወርደው ጉም ውስጥ በቅሎዬ እየተንሸራተተች፣ ሣጥኑን በጋቢዬ ጠቅልዬ እኔ በስብሼ እገባ ነበር። ስንዱ በመጀመሪያ ሣጥኑን ትዳስሳለች፤ ቀጥላ ግንባሬን። ያ መንገድ ሁሉ ለዚያች መዳፍ ነበር። ከዚያ እናቴ የቋጠረችልኝን የገብስ በሶ በጥብጠን አብረን እንጠጣለን።

አደይ ሲፈካ ተዛወረች። ደባርቅ ድረስ በዚያችው በቅሎ ሸኝቼ፣ አውቶቡሱ በር ላይ የሆዴን ልናገር አፌን ስከፍት፣ "ጎንደር ስትመጣ የእናትህን በሶ አምጣልኝ" አለችኝ።

"አንድ ቁና!" አልኩ። ከዚያ ሁሉ ልብ የወጣው ቃል ይኸው ነው። ተሸክሜ ስወርድ አግብታ ከጎንደር ሄዳለች አሉኝ፤ በሶዬን ይዤ ተመለስኩ።

ዛሬ መንደራችን ጤና ኬላ አላት። የምትሠራባት የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ሽማግሌ ሳንልክባት፣ ክረምት ከበጋ ከእኛው ጋር አለች። አዛውንቶቹ ይህን ሳያዩ አለፉ።

ነጭ ጋውኗ ልጅ መለኪያውን ከክንዴ እየፈታች፣ "አባባ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል። የሚያሳስብዎ ነገር አለ?" አለችኝ።

"አንድ ቁና በሶ አለብኝ" አልኳት።