የተቀዳ ወሬ

ባለፈው ኅዳር፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ግሼ ራቤል የተነሣሁት አንድ ሬዲዮ ለመጠገንና አንድ መምህር ለመርታት ነበር። ሬዲዮው የወዳጄ የደምሴ፣ መምህሩም ልጁ ጌታቸው ነው። ደምሴ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ከሰፈሩ ርቆ አይሄድም፤ የሩቁን ወሬ የሚያገኘው በሬዲዮው ብቻ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ሲቀመጥ "ደምሴ፣ አገሩ እንዴት ሰነበተ?" ይሉታል፤ እሱም ይዘረግፍላቸዋል። ክረምት ላይ ሬዲዮው ድንገት ዝም አለ። ልጁም ዲጂታል የሚሉትን አዲሱን ገዛለት።

"አዲሱ አዋረደኝ፤ የድሮዬን አስነሣልኝ" አለኝ ደምሴ በስልክ።

ጌታቸው ስልኩን ተቀበለውና "ጋሽ ሽፈራው፣ ባይለፉ ይሻላል። መርፌ የሚዞርበት ሬዲዮ ጊዜው አልፏል" አለ።

ይህን ለእኔ! ከመርሐቤቴ እስከ ግሼ እኔ ያልከፈትኩት ሬዲዮ ቢኖር ገና ያልተገዛ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደሉንም፣ ሽቦውንም፣ ሞገዱንም ራሴን ያስተማርኩ እኔው ነኝ። ከዓለም ከተማ ድረስ ሬዲዮ በአህያ ጭነው የመጡ ሰዎች አሉ። ካቻቢቴዬንና ፒንሳዬን በቦርሳ ከትቼ ቅዳሜ በማለዳ መናኸሪያ ተገኘሁ።

ጓሳ

ሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጥኩት ከሾፌሩ አጠገብ ነው፤ ሌላ ቦታ አልወድም። ማሳው ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፣ የገብሱ ክምር ከየቤቱ ጓሮ ይታያል። መንገዱ ጠጠር ነው። ጓሳ ሜዳ ላይ እንደ ወጣን ጎማ ፈነዳብንና ወረድን። ነፋሱ በሣሩ ላይ ይጋልባል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ይነጫሉ፣ እኛን ከቁም ነገር አልቆጠሩንም።

የሣሩ ጠባቂ በላይ የሚባል ጎልማሳ ነው። ማኅበረሰቡ ሣሩን ለማጨድ እስኪፈቅድ ድረስ ከብትም ማጭድም እንዳይገባ ይጠብቃል። አንገቱ ላይ በገመድ ያንጠለጠላት ትንሽ ዲጂታል ሬዲዮ ትዘፍናለች።

"ይቺ ጣሳ ምን ትላለች?" አልኩት።

"ጣሳ ይበሏት እንጂ ጋሼ! ቁጥሩን ተጭኜ ጣቢያው ቁጭ ይልልኛል። የእርስዎ ዘመን ሬዲዮ እኮ እሹሩሩ ካላሉት አይናገርም።"

ተሳፋሪው ሳቀ።

"ያ እሹሩሩ የምትለው ተራራ ይሻገራል" አልኩ። "ይቺ ግን ከዚህ አፋፍ ብትወርድ ድዳ ናት።"

"እኔን ምን ያወርደኛል? ሥራዬ እዚሁ ላይ ነው!"

አሁንም ሳቁ። ጎማው ተቀየረና ለበላይ ሳልሰናበተው ገባሁ።

ራቤል

የደምሴ ቤት ከከተማዋ ወረድ ብሎ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው። እሱ የበግ ጠጉር ዝተቱን ተከናንቦ መደብ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ የገብስ ቂጣና እርጎ አቀረበችልኝ፤ ገና አንዴ ሳልጎርስ ወሬውን ጀመረችው።

"ጋሽ ሽፈራው፣ የሠራውን አልሰሙም? እሑድ ዕለት 'ከባድ ዝናብ ይመጣል ተብሏል፣ ክምራችሁን ሸፍኑ' ብሎ ሰውን ሁሉ ከጠላ ቤት አስነሣው። አገር ምድሩ ሲሸፍን ዋለ። ጠብ ያለ ነገር የለም! ማግሥቱን 'እስቲ እኛም እንስማው' ብለው እዚህ ቤት ሞልተው መጡ። ሬዲዮው ምን ቢል ጥሩ ነው? 'እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ'! በኅዳር!"

"ይበቃል፣ አስካለ" አለ ደምሴ።

"አሁን 'ደምሴ ፋሲካ' ነው የሚሉት" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ እሷም ሳቋ ጠፋ። "ከቅዳሴ በኋላ መቀመጡን ትቷል።"

ጌታቸው በሩ አጠገብ ቆሟል። ወደ እሱ ዞርኩ።

"ኤፍ ኤሙ እዚህ ጎድጓዳ ውስጥ አይገባም፣ ጋሼ" አለኝ። "አባቴ ጭር ባለ ቤት እንዳይቀመጥ ብዬ ነው። ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ሄጄ ሳለሁ ከሬዲዮ በስልኬ ቀድቼ ያስቀመጥኩትን በሚሞሪ ጫንኩለት። ደግሞ ነግሬዋለሁ። 'የተቀዳ ነው' ብዬዋለሁ።"

"ብለኸኛል" አለ ደምሴ። "እኔ የተቀዳ ስትለኝ ከምንጩ አሁን የተቀዳ፣ ትኩስ መስሎኝ ነዋ! ውኃ ተቀዳ ሲባል የአምናው ነው እንዴ?"



የድሮውን ሬዲዮ ከነዳንቴል ልብሱ አወረድኩና ከፈትኩት። የባትሪ ድንጋዩ ውስጡ ፈስሶ መያዣውን በልቶታል፣ አንድ ሽቦም ተበጥሷል። ፋቅኩ፣ በየድኩ፣ አዲስ ድንጋይ አስገባሁ። ስከፍተው ሹ... አለ። ደምሴ እጁን ዘረጋ። የጣቢያውን ቦታ በሬዲዮው ጠርዝ ላይ በቢላ ምልክት አድርጎበት ነበርና በአውራ ጣቱ ዳብሶ መርፌውን እዚያ አደረሰው። ሹ... ብቻ።

"ይተነፍሳል" አለ ፈገግ ብሎ። "አለ ማለት ነው።"

"አንቴናው ነው" አልኩ። ሽቦ ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ጎረቤቶች ከታች ሆነው "ጋሼ፣ ከሰማይ ሊቀዱት ነው?" እያሉ ቀለዱብኝ። ሽቦውን እስከ ባሕር ዛፉ ወጠርኩት። ከታች የማላውቀው ቋንቋ ከሩቅ ሲያወራ ሰማሁ፤ መርፌው ወደ ምልክቱ ሲመለስ ግን ያው ሹ... ነው። ሬዲዮው ደህና እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጣሪያው ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ መውረድ አስጠላኝ።

ጌታቸው መሰላሉን ያዘልኝ። "ጋሼ፣ እጅዎ አልሳተም" አለኝ በዝግታ። "በዚያ ቦታ የሚናገር ነው የሌለው። ጣቢያው ከዚያ ሞገድ ወጥቷል።"

ለክርክሩ ከመሐል ሜዳ ያዘጋጀሁት ንግግር ብዙ ነበር፦ የመርፌው ሬዲዮ ገደል እንደሚሻገር፣ ከድንጋይ በቀር ምንም እንደማይጠይቅ። አንዱም አልወጣኝ። "ያንተውስ ዲጂታል ምን አሰማው?" ብቻ አልኩት።  ሁለታችንም ተረትተናል። በእጄ ያልተነሣ ሬዲዮ የለም፤ ይኸኛውም ተነሥቷል። ተነሥቶ የሚያናግረው አጣ።

ለደምሴ እውነቱን ነገርኩት።  ሬዲዮውን ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ያዘኝ።

"ተወው፣ ሽፈራው። ያኛው የአምናውን ፋሲካ ያወራኛል። ይሄ ዝም ቢልም ዝም ያለው ዛሬ ነው።"

እሑድ፣ ጓሳ ላይ

ከቅዳሴ በኋላ ተነሣሁ። አፋፉ ላይ ስንደርስ በላይ እዚያው ነው፣ ሬዲዮዋም አንገቱ ላይ። ሰው በግልጽ ያወራባታል። ሾፌሩን አቁም አልኩት።

"በላይ፣ ይሄ የተቀዳ ነው ወይስ የአሁን?"

"የአሁን ነዋ! ጋሼ፣ ጣሳዋ ተፈለገች እንዴ?"

"ስጠኝና ኋላ ስደበኝ።"

አውልቆ ሰጠኝ። ጌታቸው ዘንድ ደውዬ ስልኩን ለአባቱ እንዲሰጥ ነገርኩት፤ የእኔን ስልክ ከሬዲዮዋ አፍ ላይ ለጠፍኩት። ተናጋሪዋ ከቀኑ ስድስት ሰዓት መሆኑን ተናግራ ዜና ጀመረች።

"ሽፈራው!" አለ ደምሴ ከዚያ ማዶ። "ፀሐይ የት ናት?"

ቀና አልኩ። "አናቴ ላይ።"

"እንግዲያው እውነቷን ነው። ዝም በል፣ ልስማ።"

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። በላይ ግን እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። ዜናው ሲያልቅ ደምሴ እንደ ድሮው ድምፁን ሞላ አድርጎ ጠየቀኝ፦ "ነገም ከዚያ ትደውላለህ?"

መልስ ሳልሰጠው መስመሩ ተቋረጠ። 

ቤቴ

መሐል ሜዳ ስገባ ጎረቤቶቼ መምህሩን ረታኸው ወይ አሉኝ። እጄ አሁንም አቻ የለውም፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። የዲጂታሉና የመርፌው ክርክር ግን ከዚያ ጎድጓዳ ቤት ውስጥ ከንቱ ነው። አንደኛው አይደርስም፣ ለሌላኛው የሚናገርለት የለም። በመካከል ወሬ ጠያቂ አጥቶ የተቀመጠ ሰው አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሬዲዮ ስፈታ ኖሬ፣ ወዳጄን የዛሬን ወሬ ያሰማሁት በሰው ጣሳ ነው፤ ያውም አንድ ቀን።

ማታ የራሴን ሬዲዮ ከፍቼ መርፌውን ደምሴ በሬዲዮው ላይ ምልክት ካደረገበት ጣቢያ ቦታ አደረስኩት። ሹ... አለ። እሱም አሁን ይህንኑ ይሰማል ብዬ ሳልዘጋው ተቀመጥኩ።