የሚጠጣ ድንጋይ

ጋሼ ዱባለ የወፍጮ ድንጋይ ሲመርጡ መጀመሪያ ውሃ ያፈሱበታል። ድንጋዩ ውሃውን ቶሎ ከመጠጠው «ይሄ ይጠጣል» ብለው ለብቻው ያቆሙታል። ውሃው ላዩ ላይ ከቀረ ግን ቀዳዳዎቹ በነጭ ነገር ተደፍነዋል ማለት ነው። እሳቸው «ጥርስ» ነው የሚሉት። ወፍጮው ሲዞር ጥርሱ እየተነቀለ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል።

አብነት አካባቢ ድንጋይ እየወቀሩ ሲሸጡ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። የመጡት ከሰሜን ተራሮች፣ ከጃናሞራ ነው፤ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ። የገበያው ተሸካሚዎች «ከተራራ ወርደው ተራ ገቡ» እያሉ ያሾፉባቸዋል። እሳቸውም «ሁለቱም ወገብ ይቆርጣል» ይላሉ፣ ቀና ሳይሉ።

እኔ አጠገባቸው ያገለገሉ የትምህርት ቤት መጻሕፍት እሸጣለሁ። ለዚህ ነው «መምህር» የሚሉኝ። አሥራ ሁለተኛን በስንት መከራ እንደጨረስኩ ነግሬያቸው አላውቅም።

ባለፈው ወር የሸጡት ድንጋይ እትዬ ጠይባ ወፍጮ ቤት በርበሬው ውስጥ ጠጠር ጣለ። ሰው ወጡን እየበላ ጠጠር ነክሶ ተመልሶ መጣ። ሌላው ባለወፍጮ ሁሉ ወደ ብረት ወፍጮ ስለዞረ ለጋሼ ዱባለ የቀሩት ደንበኛ እትዬ ጠይባ ብቻ ናቸው። እሳቸውም «ሐሙስ እመጣለሁ፣ ይሄም ጠጠር ከጣለ በቃኝ» ብለው ላኩባቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ዱባለ የቀሯቸውን ሁለት ድንጋዮች ደጋግመው ሲዳብሱ ቆዩ።

«መምህር፣ መጽሐፍህ ስለ ድንጋይ ምን ይላል?»

የጂኦግራፊ መጽሐፍ አወጣሁ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ስለ ሰሜን ተራሮች የሚለውን እየተረጎምኩ፣ ያልገባኝን እየዘለልኩ አነበብኩላቸው። ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰንጥቃ የቀለጠ ድንጋይ ፈሰሰ። አንዱ ሲበርድ ሌላው በላዩ እየፈሰሰ፣ በሺህ የሚቆጠር ሜትር ተቆለለ። ከዚያ ዝናብና ወንዝ ሲቆርሱት ኖሩ። ገደሉ የተቆረሰበት ነው፤ ጫፉ ደግሞ ሳይታጠብ የተረፈው።

«ተረፈ? ተነሣ አይልም?»

«ተረፈ ነው የሚለው።»

«ቀዳዳውስ?»

«ድንጋዩ ሲቀልጥ ውስጡ የነበረ አየር ነው። በኋላ ውሃ እየሰረገ ነጩን ሞላበት።»

«አባቴ እግዜር አገሩን ሠርቶ ሲያበቃ እጁን ያራገፈበት ነው ይል ነበር» አሉ። «እሱም ያው ትርፍራፊ ማለቱ ነው ለካ።»

እትዬ ጠይባ ከቀትር በኋላ መጡ። ጋሼ ዱባለ በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ውሃ አፍስሰው መዳፋቸውን ጫኑበት፤ ውሃው ላዩ ላይ ቀርቷል።

«ይሄ ጥርስ አለው፣ አይውሰዱት።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው ይጠጣል።» ድንጋዩን ዳበስ አደረጉት። «ግን አንድ ሁለት ጥርስ ቢኖረው አላይም፣ እትዬ። ዐይኔን ፍንጣሪ ጨርሶታል።»

«ያለፈውንም ሳታየው ነው የሸጥክልኝ?»

«ሳላየው ነው።»

ጎንበስ ብዬ ሁለተኛውን ድንጋይ አየሁ። ሰሊጥ የሚያካክሉ ሦስት ነጭ ነጥቦች አሉበት። ልናገር ወይስ ልተው እያልኩ ሳመነታ እትዬ ጠይባ ፊቴን አይተው ገባቸው።

«እንግዲህ ድንጋይ ካንተ አልገዛም» አሉ። ትንሽ ሄደው ተመለሱ። «መውቀሩንስ? እሱንም እንዲሁ በጭፍኑ ነው?»

«መውቀር በጣት ነው።»

«ወፍጮ ቤት ያለው አሮጌው ድንጋይ ደንዟል። ና ውቀርልኝ። ካበላሸኸው ግን አንተን ነው የማስፈጭህ።»

ጋሼ ዱባለ አልሳቁም። መዶሻቸውንና መሮአቸውን በማዳበሪያ ጠቅልለው ተነሡ። መጻሕፍቴን በሸራ ሸፍኜ ተከተልኳቸው። ወደ አንዋር መስጊድ የሚወስደውን መንገድ ስናቋርጥ አንድ ታክሲ ጥሩምባውን አስጮኸባቸው፤ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይገፉኝ ነበር።