ሙዙና ቅቤው ጎን ለጎን

ቅቤ ነጋዴ ሆኖ ሁዳዴን መጾም ትዕግሥት ይጠይቃል። ደብረ ማርቆስ ገበያ ጫፍ ባለችው ሱቄ ቀኑን ሙሉ እጄ ቅቤ ውስጥ ይውላል፤ አፌ ግን ከቅቤ ጋር እንደተጣላ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጄን ታጥቤ ሙዝ እበላለሁ። በዚያ ዓመትም ከሮብ ገበያ ለፋሲካ ያስመጣሁትን ለጋ ቅቤ በየሳፋው ደርድሬ፣ ምሳዬን ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጬ ነበር። ከዚህ ሌላ ያጠፋሁት ነገር የለም።

ቅቤ ውስጥ ሙዝ ቀላቅለው የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ እየተባለ በየጊዜው ይወራል። የጎረቤቴ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ በሱቄ በር ሲያልፍ ሙዙን አየ። “እትዬ፣ ገበያ እንዴት ነው?” አለኝ፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳኝና ሄደ። ሲያነሳኝ አይቼ ነጠላዬን አስተካክያለሁ። በማግስቱ ፎቶው የከተማው ሰው በሚከታተለው ገጹ ላይ ወጣ። “ለፋሲካ ቅቤ የምትገዙ ተጠንቀቁ! ሙዙና ቅቤው ጎን ለጎን!” ይላል። ነጠላዬ በደንብ ወጥቷል።

ይህን የነገረችኝ አማኑኤል ከተማ ያለችው እህቴ ናት። ደውላ አለቀሰች፤ ለቅሶዋን ስትጨርስ ደግሞ “ዝም አላልኩም እኮ፤ እህቴ ናት፣ ውሸት ነው ብዬ ለማውቀው ሰው ሁሉ ላክሁት” አለችኝ። እስከዚያ ድረስ አማኑኤል ውስጥ ያልሰማ ሰው ነበር።

ደንበኞቼ በበሬ ሲያልፉ ሰላምታቸው ረዘመ፤ ግዢያቸው ግን ቀረ። “ዘንድሮ ከገጠር ዘመድ ይልክልናል” ይላሉ። ከሠርጓ ጀምሮ ከእኔ ስትገዛ የኖረች ሴት ፊት ለፊቴ ካለው ሱቅ ቅቤ ገዝታ፣ በነጠላዋ ሸፍና ስታልፍ አየኋት። ቅመሱና ፍረዱ እንዳልል አገሩ ሁሉ ጿሚ ነው። የሚያጽናኑኝ “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ይሉኛል። እስኪጠራ ፋሲካው ያልፍ የለም እንዴ! ቅቤው እንኳ ይቆይ ግድ የለም፣ በስሎም ይሸጣል። እናቴ ያወረሰችኝ ግን ይህችን ሱቅና “የእሷን ቅቤ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ” የሚባልበትን ስም ነው። እሱን አሳልፌ አልሰጥም አልኩ።

ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። ልጁ አቀርቅሮ “እትዬ፣ እኮ ስምዎን አልጻፍኩም። ደግሞ አጥፍቼዋለሁ” አለኝ።

“ከገጽህ አጠፋኸው፤ ከሰው አፍ ማን ያጥፋልኝ?”

“እሺ፣ ይቅርታ።”

“በአደባባይ ሰድበኸኝ እናትህ ሳሎን ውስጥ ነው ይቅርታው?” ብዬው ወጣሁ። እናቱ እስከ ውጭው በር ተከተለችኝ፤ ዞሬ አላየኋትም።

በሳምንቱ ሽማግሌ ላከችብኝ። የመጡት የንስሐ አባቴና የእድራችን ዳኛ ናቸው። ዳኛው ስልክ የላቸውም፤ የሚፈልጋቸው ሰው እቤታቸው ይሄዳል።

“ልጅ ነው፣ አጥፍቷል” አሉ ዳኛው። “ለእናቱ ስትይ ተይው።”

“እተዋለሁ። ግን ስሜን ባጠፋበት ቦታ ይመስክርልኝ።”

“የት ነው ቦታው?”

“ስልክ ውስጥ ነው፣ አባባ።”

ትንሽ አሰቡ። “ገበያ ነው በይኛ?”

“ገበያ ነው። ግን መሸ ብሎ አይበተንም።”

“እንግዲያው ልጁ እንደ ወጉ የይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ እዚህ ይመጣል፤ ቃሉን ደግሞ እዚያ ገበያ ይናገራል” ብለው ፈረዱ። የንስሐ አባቴም “መቼም የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” አሉና የማንን ሱቅ ደጅ እንደያዙ ትዝ ሲላቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔም ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ።

ገበያ በዋለበት ቀን ልጁ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። እናቱ ከኋላው ናት። ሰው ከበበን፤ ስልኮችም ወጡ። “ስልካችሁን አውርዱ!” ብዬ ጮህኩ። ውርደቱን ማንም እንዲቀርጸው አልፈለግሁም፤ ምን እንደሚያደርግ በራሴ አይቼዋለሁ። የፈለግሁት ቃሉን ነው።

“ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ” አለ። ዳኛው ድንጋዩን አውርጂለት ብለው ጠቀሱኝ።

“መጀመሪያ ይጻፍ” አልኩ።

በአንድ እጁ ድንጋዩን ደግፎ በሌላው ጻፈ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። “ተሳስቼ ሊሆን ይችላል” ይላል።

“‘ሊሆን ይችላል’ የምትለዋን አውጣት።”

“እታለም፣ ልጄ ደከመው!” አለች እናቱ፤ እንባዋ ይወርዳል። አሳዘነችኝ፣ አልዋሽም።

“እኔም ደክሞኛል” አልኳት።

አጥፍቶ እንደገና ጻፈ፦ “ሳላጣራ የሰው ስም አጠፋሁ። ሙዙ የጾም ምሳቸው ነበር።” ሲልከው አየሁ። ከዚያ ድንጋዩን በገዛ እጄ አወረድኩለት። “ይቅር ለእግዚአብሔር” አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት። እናቱን አቀፍኳት።

ይቅርታው ግን እንደ ስድቡ አልተሰራጨም። ስድቡን ተቀባብለው ያዳረሱት ሰዎች ይቅርታውን አንብበው አለፉት። ያን ፋሲካ ግማሹ ቅቤዬ ሳይሸጥ ቀረ። እህቴ ብቻ ይቅርታውን ለማታውቀው ሰው ሳይቀር ላከችው፤ እሷማ አሁን ሠልጥናለች።

ይህን ማኅበራዊ ሚዲያ የሚሉት አገር ያፈረሰ ነገር ነው፣ ይዘጋልን የሚሉ አሉ። በዚያ ሰሞን ቢጠይቁኝ እኔም እጄን አወጣ ነበር። ነገር ግን ዓምና ዕድሜ አእምሯቸውን ያደከመባቸው የሰፈራችን እናት ከቤት ወጥተው ሲጠፉ፣ ያ ልጅ በዚያው ገጹ ፎቷቸውን አውጥቶ ሳይመሽ አስገኝቷቸዋል። ገበያ ሌባ ገባበት ተብሎ አይዘጋም፤ ደህና ሰው ቦታውን ይዞ መቆም አለበት። እኔም የራሴን ገጽ ከፈትኩ። አከፋፈቱን ያሳየኝ ልጁ ራሱ ነው። ቅቤ ሳነጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳያለሁ። ሙዜንም አልደብቅም።

ድንጋዩን ከሱቄ በር አስቀመጥኩት፤ የደከመው ያርፍበታል። ዘንድሮ ሁዳዴ አንዲት የማላውቃት ባላገር ሴት ተቀመጠችበት። ነጠላዋን እያራገበች ጥቂት ካረፈች በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“እታለም፣ በዚህ ገበያ ቅቤ ላይ ሙዝ የምትቀላቅል ሴት አለች አሉ። ልጄ በስልክ አሳይቶኝ ነበር። የአንቺንም ስም እንዳታጠፋብሽ ተጠንቀቂ።”

እጄ ሚዛኑ ላይ ቀረ። ስንት ዓመት አልፎ! እልሄ መጣ።

“እሷ እኔ ነኝ” አልኳት።

ደንግጣ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ያዝኩ። “አትነሽ። የተቀመጥሽበት ድንጋይ የይቅርታው ድንጋይ ነው። ቁጭ በይና ልንገርሽ፤ አንቺ ደግሞ ለልጅሽ ትነግሪዋለሽ።”

ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሁለት ሙዝ ቆርጬ አንዱን ሰጠኋትና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።