ቀናቸው አልነበረም

ጋሼ ታከለን የምታውቁ ሁሉ፣ ወረታ ያላችሁም፣ ከሐሙሲትና ከይፋግ እየመጣችሁ ያሠራችኋቸውም፤ የቤት መብራት ሲዘረጉልን የኖሩት ጋሼ ታከለ አርፈዋል። ዛሬ አርባቸው ነው። «ቀናቸው ደርሶ ነው» ያላችሁ፣ «አርጅተው ዘንግተው ነው» ብላችሁ ያንሾካሾካችሁ፣ እዚህች ላይ ቁሙ። ቀናቸው አልነበረም። አልዘነጉምም።

እኔ አምስት ዓመት መሰላላቸውን የተሸከምኩ ነኝ። ትምህርቱን ዘጠነኛ ላይ ጥዬ ስዞር «ና አንተ ምላሳም፤ አፍህ እንደሁ አያርፍም፣ እጅህን እንኳ ላሠራው» ብለው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው።

መብራት ሲጠፋ እኛ ሻማ ፍለጋ ስንጋጭ እሳቸው ተረጋግተው ፍሪጁን ይነቅላሉ፣ ቴሌቪዥኑን ይነቅላሉ፣ አንዲት አምፖል ብቻ ማብሪያዋን ሳያጠፉ ይተዋሉ። «መምጣቱን እሷ ትነግርሃለች። የመጣ መብራት እንደ ርብ ወንዝ ውሃ ነው፤ ደራሹን አሳልፈህ ግባ» ይላሉ።

አንድ ክረምት አራስ ቤት ገባን። መብራት የለም፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ የከሰሉ ማንደጃ መሐል ቤት ይንቦገቦጋል። ጋሼ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡ ማንደጃውን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ወደ ደጅ! የአራሷ እናት ጮኹ፤ «ምነው ታከለ! ልጄን ብርድ ልታስመታት ነው?»

«የበረደው ይሞቃል እማማ። በከሰል የታፈነ ግን አይነሳም» አሉና መስኮቱን በረገዱት። ጋቢያቸው ተቃጠለ። ያ ሕፃን ዛሬ ሰፈሩን እያመሰ ይሮጣል። እናንተም ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ሞታቸው።

ባለ ግሮሰሪው ደሴ ጀነሬተር ገዛ። ሁለቱም ጫፉ ሶኬት ውስጥ የሚሰካ ገመድ እንዲሠሩለት ጋሼን ለመናቸው። «ይኸ ሁለት አፍ ያለው እባብ ነው፤ አልሠራም» አሉት። እውነታቸውን ነው። ጀነሬተር በዚያ ገመድ ቤት ውስጥ ሲሰካ፣ የቆጣሪው ማጥፊያ ካልወረደ፣ ኃይሉ ወደ ውጭ ሽቦ ወጥቶ ጎረቤት ድረስ ይሄዳል። ሞቷል ያልከው ሽቦ ይነሳል።

ገመዱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ለሥራ አንበሳሜ ከተማ የሄዱ ዕለት። ደሴ «አንተ ከሳቸው በምን ታንሳለህ?» አለኝ፣ እኔም ደረቴ አበጠ። «ማጥፊያውን ሳታወርድ እንዳትሰካ» አልኩት። «እሺ እሺ» አለ። አበቃ።

ከዚያ ያ ንፋስ መጣ። ባሕር ዛፉ ወድቆ መስመሩን በጠሰው፣ የከተማው መብራት ጠፋ። የደሴ ጎረቤት የእትዬ ብርዘገን ሽቦ ግቢያቸው ውስጥ ተንጠለጠለ። ከብቱ ሊረግጠው ነው ብለው ጋሼን ጠሩ። እኔ ሩዝ መፈልፈያው ጋ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስደርስ ጋሼ መሰላሉ ሥር ተኝተዋል።

«መብራት በድንገት መጥቶ ነው» ተባለ። የት የመጣ? ከተማው መብራት ያየው በማግስቱ ነው! እኔ ያኔውኑ ገባኝ። ገብቶኝም ሁለት ቀን ዝም አልኩ፤ ፈሪ ነኝ።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ካህኑ ሲያስተምሩ መብራት ጠፋ፣ ማጉያው ዝም አለ። አንዱ ተነስቶ «ከደሴ ጀነሬተር አምጡ!» አለ። በጋሼ ታከለ ልቅሶ! ሁለት ሰዎች ተሸክመው አመጡት። ገመዱ ላዩ ላይ ተጠቅልሏል፤ እኔ የጠመጠምኩበት ቀይ ፕላስተርም አለ። ፒንሳዬን አወጣሁና ከመሐሉ ቆረጥኩት።

«አብደሃል እንዴ? ልቅሶ ቤት ነው!» አለ ደሴ።

«ያን ዕለት ማጥፊያውን አውርደህ ነበር?»

«ሰው ፊት ምን ትለኛለህ...»

«አውርደህ ነበር?»

ገመዱን ሊቀማኝ እጁን ዘረጋ። እኔም ለሕዝቡ ነገርኩ፤ የሠራሁት እኔ፣ የሰካው እሱ። አንዱ ሊመታኝ ተነሳ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። እኔን አላዩኝም፤ ወደ እትዬ ብርዘገን ዞሩ።

«ሽቦውን ሳይሞክር ነው የወጣው?»

«ኧረ ሞክረዋል እቴ! በዚያች እስክሪብቶ በምትመስለው መሞከሪያቸው ነካ አርገው ‹ሞቷል› አሉኝ። ከወጡ በኋላ ነው ከደሴ ቤት የጀነሬተሩ ድምፅ የተነሳው።»

እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያ ባሌ አልተሳሳተም» አሉ። ከዚያ ነው ያለቀሱት፤ በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ይኸው ነው የጻፍኩበት ምክንያት። እንዲያ ያለ ገመድ ቤቱ ያለው ይቁረጠው። እምቢ ያለ ይጥራኝ፣ እኔ እቆርጠዋለሁ።

ጋሼ፣ የእትዬ ብርዘገንን ሽቦ እኔ ጨረስኩት። መጀመሪያ ደሴ ቤት ገብቼ ማጥፊያውን አወረድኩና በራሴ ቁልፍ ቆለፍኩት። በእስክሪብቶዎ ሦስቴ ሞከርኩ፤ ከዚያ ነው መሰላሉ ላይ የወጣሁት። አፌ ያን ዕለት ምንም አልተናገረም፤ ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ገና ነኝ። ደህና ይረፉ። መብራት በጠፋ ቁጥር አንዲት አምፖል እተዋለሁ።