ኡኡ ሲባል የወጣሁ ዕለት

«አቶ ይልማ፦ ባለፈው ቅዳሜ በሕንፃችን ውስጥ ሁከት በማስነሳት የነዋሪውን ሰላም ስላወኩ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል። ድርጊቱ ቢደገም የኪራይ ውልዎ እንዳይታደስ ኮሚቴው ለባለቤቱ ያሳውቃል። የተከራዮች ኮሚቴ ሊቀመንበር።»

ይህን ወረቀት ትናንት ጠዋት በቤቴ በር ሥር ተወርውሮ አገኘሁት። አንድ ነጥብ አልጨመርኩበትም። የመጀመሪያው ሳይሰጠኝ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደደረሰኝ ለጊዜው ልተወው... እኔን ያንገበገበኝ «ሁከት» የምትለዋ ቃል ናት።

የሆነው ይኸውላችሁ።

ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ቤቴ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። መብራት እንደ ልማዱ ድርግም አለ። ትንሽ ቆየና... «ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!»

የጆበርግ ሰው እንዲህ ያለ ጩኸት ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ቁልፉን ሁለቴ ያዞራል። እኔ ግን ኡኡ ሲባል ያልወጣ ሰው ከሌባው እኩል በሚታይበት ሰፈር ነው ያደግሁት። የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ወጣሁና የጎረቤቶቼን በር መደብደብ ጀመርኩ። «ውጡ! ሰው እየተገደለ ነው!»

ወጡ። ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ገበያ ሱቅ ያለው የሆሳዕናው ታምራት የብረት ዘንግ ይዞ... ከጎኑ የምትኖረው ዙሉዋ ማ ድላሚኒ ፊሽካዋን አፏ ውስጥ ሰክታ። እሷ ባደገችበት ሰፈር ኡኡታ በፊሽካ ነው። እየነፋች፣ እየጮህን፣ በጨለማው ደረጃ ወረድን። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ድምፁ ከግድግዳው ውስጥ ይመጣል። ታምራት ጆሮውን የሊፍቱ በር ላይ ለጠፈ።

«ማነህ?» አልኩ።

«እኔ ነኝ!»

«እኔ ማን?»

በቀጭን ድምፅ፣ «ሊቀመንበሩ።»

አዎ። የደብዳቤው ፈራሚ።

«ስንት ሌባ ነው አብሮዎት ያለው?» አለ ታምራት።

«ብቻዬን ነኝ! መብራቱ ነው! ይልማ፣ ወንድም ዓለም፣ አየር አጠረኝ!»

በሩን በዘንጉ ፈልቅቀን፣ በሁለት ፎቅ መሃል ተንጠልጥለው የነበሩትን ሰው እጃቸውን ይዘን ጎትተን አወጣናቸው። ታምራት ሳቁን መያዝ አቃተው። ማ ድላሚኒ አንድ የምርቃት ፊሽካ ጨመረችላቸው። እሳቸው ላባቸውን ጠረጉ፣ ከረባታቸውን አቃኑ፣ ደረጃው ላይ የተሰበሰበውን ጎረቤት ገላመጡና፦

«ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

እንግዲህ ወደ ቃሉ። ሁከት ከግዕዙ «ሆከ» የመጣ ነው፤ የረጋን ነገር ማናወጥ ማለት ነው። ሁከት እንዲኖር አስቀድሞ የረጋ ነገር መኖር አለበት። ቅዳሜ ዕለት በሕንፃችን ውስጥ ረግቶ የቆመው ሊፍቱ ብቻ ነበር። ኡኡታ ደግሞ ሥርወ ቃልም የለው... ከጉሮሮ ነው የሚመጣው። ከማን ጉሮሮ እንደመጣ ሦስተኛ ፎቅ በሙሉ ምስክር ነው። ሊቀመንበሩ የተቀየሙትም በጩኸቱ ሳይሆን በምስክሩ ይመስለኛል።

ስቄ ልተወው ነበር። ግን ዛሬ ታምራትን በሩ ላይ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ማስጠንቀቂያዎን ሊቀመንበሩ የሕንፃው ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ለጥፈውት አነበብኩ። ከእንግዲህ ኡኡ ቢባል እኔ የለሁበትም። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልታደሰም፤ ሁከት የሚባል ስም እንዲለጠፍብኝ አልፈልግም።»

«ሰው ቢሞትስ?»

«እግዜር ያውጣው፣ ጋሼ።»

ገብቶ ዘጋ። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ... ሁለቴ።

ውሌ ባይታደስ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። ግን ሰው ሁሉ ቁልፉን በሚያዞርበት ፎቅ ላይ ነገ ኡኡ የምትለው ማ ድላሚኒ ብትሆንስ? እኔ ብሆንስ?

ስለዚህ ክቡር ሊቀመንበር፣ «ሁከት» የሚለውን ቃል እንዲያነሱ፣ ቅዳሜ ዕለት ኡኡ ያለው ማን እንደሆነና የወጡለት እነማን እንደሆኑም በዚያው ግሩፕ ላይ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። መልስዎን እስከ ፊታችን ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ሲያመጡልኝ ታዲያ በደረጃው ይምጡ... መብራት ቢጠፋ ወጥቼ እንዳልረዳዎ በጽሑፍ ተከልክያለሁ።